ዘግይቶ አፍ መፍታት

ዘግይቶ አፍ መፍታት የሚባለው አንድ ሕፃን በመስማት፣ በአካል እንቅስቃሴና በጠቅላላ ዕድገቱ ከእኩዮቹ ጋር እኩል እየሄደ ንግግሩ ብቻ ወደ ኋላ ሲቀር ነው። በጥናት ጽሑፎች የተለመደው መለኪያ፣ ልጁ ሁለት ዓመት ሲሞላው የሚናገራቸው ቃላት ከ50 ማነሳቸው ወይም ሁለት ቃል አጋጥሞ መናገር አለመጀመሩ ነው። መለኪያውን ካስለመዱት ሰዎች አንዷ በአሜሪካ ብሪን ማር ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሌስሊ ሬስኮርላ ናቸው። በ1989 ያሳተሙት መጠይቅ 300 ያህል ቃላት የተደረደሩበት ሲሆን፣ ወላጅ ልጁ ሲላቸው የሰማቸውን እየፈለገ ምልክት ያደርግባቸዋል (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)።

ለወላጆች ሲሰጥ የኖረው ምክር ለረጅም ጊዜ ሁለት ቃል ብቻ ነበር፦ «ጠብቁት፣ ይናገራል»። ካለፉት 30 ዓመታት ወዲህ ደግሞ ተቃራኒው ገነነ፤ የአንጎል ሥዕል እየታየ፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ካልተደረሰለት በሩ ይዘጋል ይባላል። እስካሁን የታተመው ማስረጃ ሲመዘን ሁለቱም ልክ አይመስሉም። ቶሎ መርዳት ተገቢ ነው፤ ተገቢ የሚያደርገው ግን የሚዘጋ በር መኖሩ አይደለም። ሁለት ዓመት ላይ ሆኖ የትኛው ልጅ በራሱ ጊዜ እኩዮቹን እንደሚደርስ፣ የትኛው እንደሚቀር በእርግጠኝነት መለየት አለመቻሉ ነው።

ስያሜው

በአማርኛ ልጅ መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» ወይም «አንደበቱ ተፈታ» ይባላል፤ መጀመሪያ የተናገረበት ቋንቋም አፍ መፍቻው ይሆናል። አነጋገሩ ቃላቱ ውስጥ ተዘጋጅተው እንዳሉ፣ የቀረውም ቋጠሮውን መፍታት ብቻ እንደሆነ ያስመስላል። የዘገየ ልጅ ምላሱ ተገልብጦ የሚታየው ምናልባት ከዚሁ ግንዛቤ ተነሥቶ ነው። ከምላስ ሥር ያለው ጅማት ያጠረበት ሕፃን ጡት ለመሳብ ሊቸገር፣ አንዳንድ ድምፆችንም ሊያኮላትፍ ይችላል። የቃላት ማነስና የሚነገረውን አለመረዳት ግን ከምላስ የሚመጣ ችግር ስላልሆነ፣ ጅማቱን መቁረጥ መፍትሔ አይሆነውም። በሙያው ዓለምም ስሙ ሲያከራክር ኖሯል። በዶሮቲ ቢሾፕ የተመራው ካታሊስ የተባለ የባለሙያዎች ምክክር በ2017 ባወጣው ሰነድ «የዕድገት ቋንቋ እክል» የሚለውን ስያሜ ሲያጸድቅ፣ ችግሩ አብሯቸው እንደሚዘልቅ ለሚገመት ልጆች እንዲውል ነው ያሰበው። ለሁለት ዓመት ሕፃን የሚመቸው አሁንም ልል የሆነው «ዘግይቶ የሚናገር» የሚለው ነው።

ስርጭት

በምዕራብ አውስትራሊያ 1,766 የሁለት ዓመት ሕፃናትን ያካተተና በ2007 የታተመ ጥናት 13.4 በመቶዎቹ ዘግይተው የሚናገሩ መሆናቸውን አግኝቷል። ወንዶቹ ለመዘግየት ያላቸው ዕድል ከሴቶቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ሲሆን፣ በቤተሰቡ ዘግይቶ የተናገረ ሰው ያለበት ልጅ ደግሞ ከሌለበት ሁለት እጥፍ ነው። የእናት የትምህርት ደረጃ ልዩነት አላመጣም።

የአንጎል ጥናት

ንግግርን ከአንጎል ጋር ያያያዘው ሳይንስ የተነሣው ከአዋቂ በሽተኞች ነው። ፖል ብሮካ በ1861፣ ካርል ቬርኒክ በ1874 የንግግርና የመረዳት ሥፍራዎችን ከግራው የአንጎል ክፍል ጋር ያገናኙት መናገር ወይም መረዳት ያቃታቸውን ሰዎች ከሞቱ በኋላ በመመርመር ነበር። ሕፃናት ወደዚህ ጥናት የገቡት ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1971 ፒተር አይማስና ባልደረቦቹ የአንድ ወር ሕፃን «ባ»ን ከ«ፓ» እንደሚለይ አሳዩ። በ1984 ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ፣ ሕፃናት በስድስት ወራቸው የሚለዩዋቸውን የባዕድ ቋንቋ ድምፆች ዓመት ሲሞላቸው መለየት እንደሚያቆሙ፣ ጆሯቸው በቤታቸው በሚነገረው ቋንቋ ላይ እንደሚጠብብ አስረዱ። በ2002 ደግሞ በፈረንሳይ ጊስሌን ዴሀን ላምበርትዝ ሦስት ወር ገደማ የሆናቸውን ሕፃናት በኤምአርአይ ውስጥ አድርገው ንግግር ሲያሰሙ፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ የግራው የአንጎል ክፍል ከቀኙ ይበልጥ ሲሠራ ታየ። ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ነጥብ ለኋላው ክርክር አስፈላጊ ነው፦ አፍ ከመፈታቱ በፊት ብዙ ወራት የሚፈጅ የጆሮና የአንጎል ሥራ አለ።

ይህን ስውር ሥራ ለመለካት ከተሞከሩት መንገዶች በኒው ጀርሲ፣ ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ፣ በኤፕሪል ቤናሲክ ቤተ ሙከራ የተሠራበት ቀረብ ብሎ ቢታይ ይጠቅማል። ሕፃኑ እናቱ ጭን ላይ ይቀመጣል፤ ጥቃቅን ዳሳሾች የተሰኩበት መረብ እንደ ቆብ ይጠለቅለታል፤ እንዳይነጫነጭ አሻንጉሊት ወይም ድምፅ የሌለው ፊልም ያሳዩታል። በዚህ መሀል ጥንድ ጥንድ ድምፅ ይሰማል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ፋታ 70 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። አልፎ አልፎ የሁለተኛው ድምፅ ቅላጼ ይለወጣል። አንጎሉ ለውጡን ከያዘው በመረቡ የሚመዘገበው ሞገድ ይለያል፤ ሕፃኑ ራሱ ግን አሻንጉሊቱን ከማየት በቀር ምንም አላደረገም። ፋታው እንዲህ ያጠረው «በላ» እና «ደላ» የሚለያዩበት የመነሻ ድምፅ በሰከንድ ጥቂት መቶኛ ውስጥ ተነሥቶ የሚያልቅ ስለሆነ ነው። ይህን ለመያዝ የሚዘገይ አንጎል ቃላቱን አደብዝዞ ያከማቻል ተብሎ ይታሰባል። የቋንቋ ችግር ታሪክ ያለባቸው ቤተሰቦች ልጆች ላይ ምላሹ ዘገምተኛ ሆኖ መገኘቱ፣ በስድስት ወር የተለካውም በሦስትና በአራት ዓመት ከታየው የቋንቋ ችሎታ ጋር መዛመዱ ታትሟል። ይኸው ቡድን በ2014፣ ከአራት ወር ዕድሜ ጀምሮ ለጥቂት ሳምንታት ፈጣን ድምፆችን በጨዋታ መልክ የለመዱ ሕፃናት አንጎላቸው ድምፅን ከሌሎቹ ጥርት አድርጎ እንደሚይዝ ዘግቧል። ውጤቱ ተስፋ ይሰጣል፤ የታየው ግን ጤነኛ ሕፃናት ላይ ሲሆን፣ የተለካውም ለድምፅ የሚሰጥ ምላሽ እንጂ ንግግር አይደለም።

ዘግይተው በተናገሩ ልጆች አንጎል ላይ በቀጥታ የተደረገው ጥናት ጥቂት ነው። በ2010 ጆናታን ፕሬስተንና ባልደረቦቹ በትምህርት ዕድሜ ላይ የነበሩ ልጆችን ከፋፍለው ሲመረምሩ፣ ዘግይተው የጀመሩት ንግግርና ጽሑፍ ሲቀርብላቸው ታላመስና ፑታመን የተባሉት የውስጠኛው አንጎል ክፍሎች ከሌሎቹ ባነሰ ሁኔታ እንደሚሠሩ አዩ። በ2022 ደግሞ ሳሎኒ ክሪሽናንና የኦክስፎርድ ባልደረቦቻቸው የዕድገት ቋንቋ እክል ያለባቸውን 56 ልጆች ከ77 ሌሎች ጋር አነጻጽረው፣ ልማድና ቅደም ተከተል በሚማረው የስትራየተም ክፍል የነርቭ ክሮችን የሚሸፍነው ማይሊን መጠኑ አንሶ አግኝተውታል። ሁለቱም ግኝቶች ችግሩ ከብሮካ ሥፍራ ብቻ የሚመጣ ሳይሆን ከመማር ሥርዓቱ ጋር የተያያዘ ነው የሚለውን ሐሳብ ያጠናክራሉ። ነገር ግን የተመረመሩት ልጆች ሁለት ዓመታቸውን ካለፉ ቆይተዋል። ልዩነቱ የመዘግየቱ ምክንያት ይሁን ወይስ ለዓመታት ባነሰ ቋንቋ የመኖር ውጤት፣ በአንድ ጊዜ የተነሣ ሥዕል ሊመልሰው አይችልም። ልዩነቱም የቡድን አማካይ ነው፤ የአንድን ልጅ ሥዕል አንሥቶ «ይህ ይደርሳል፣ ያ አይደርስም» የሚል ሐኪም የለም።

ታዲያ «በሩ ይዘጋል» የሚለው አነጋገር ከየት መጣ? ሥሩ ኤሪክ ሌነበርግ በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ ያቀረቡት ወሳኝ የዕድሜ ክልል የሚለው ሐሳብ ነው፤ እሳቸው ግን የክልሉን ወሰን ያሰመሩት ጉርምስና ላይ እንጂ ሦስት ዓመት ላይ አልነበረም። ከዚያ ፒተር ሃተንሎከር የሕፃናትን አንጎል በማይክሮስኮፕ ቆጥረው፣ የነርቭ ሴሎች መገናኛ የሆነው ሲናፕስ በመስሚያው ክፍል በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ በግንባሩ በኩል ደግሞ ዘግይቶ ከጫፍ እንደሚደርስና በኋላ እየተመለመለ እንደሚሄድ አሳዩ። በ1997 በዋይት ሐውስ ስለ ቅድመ ልጅነትና ስለ አንጎል ጉባኤ ሲካሄድ ሐሳቡ ከቤተ ሙከራ ወደ ፖለቲካ ተሻገረ። በማግስቱ ዓመት የጆርጂያ ግዛት አስተዳዳሪ ዜል ሚለር ለእያንዳንዱ አራስ የክላሲካል ሙዚቃ ሲዲ እንዲሰጥ 105,000 ዶላር ጠየቁ። ጆን ብሩር በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍ የተቹት ይህንኑ ነበር፦ የሲናፕስ ቆጠራ ስለ ትምህርትም ሆነ ስለ ሕክምና የሚያዘው ነገር የለም። ትችታቸው አንዳንዴ ቢበዛም በዚህ ነጥብ የሚረታቸው አልተገኘም። በእርግጥ ዕድሜ ለውጥ አያመጣም ማለት አይደለም፤ ክሪስቲን ዮሺናጋ ኢታኖ በ1998 በኮሎራዶ እንዳሳዩት የመስማት ችግራቸው ከስድስት ወር በፊት የታወቀ ሕፃናት ዘግይቶ ከታወቀባቸው የተሻለ ቋንቋ አዳብረዋል። ሆኖም ጆሮው የማይሰማ ሕፃን ቋንቋው ራሱ አልደረሰውም፤ ዘግይቶ የሚናገረው ግን ቋንቋ ቀን ከሌት ይሰማል። አንዱን ለሌላው ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አያስኬድም።

የአንስታይን ነገር

«አንስታይንም ዘግይቶ ነው የተናገረው» የሚለው ማጽናኛ በየቋንቋው ስለሚደጋገም ማስረጃው ሊመረመር ይገባዋል። አልበርት አንስታይን በመጋቢት 1879 በኡልም ተወለደ። በ1954 በጻፈው ደብዳቤ፣ ወላጆቹ መናገር በመዘግየቱ ሰግተው ሐኪም እንዳማከሩ፣ ዕድሜውን በትክክል ባያስታውስም ከሦስት ዓመት እንደማያንስ ገልጿል። ይህ ግን የ75 ዓመት ሰው ስለ ሕፃንነቱ ከሌሎች የሰማው ነው። በሌላ በኩል እናቱን የወለዱት አያቱ በ1881፣ ገና ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላው፣ የልጁ አስቂኝ ሐሳቦች በቤተሰቡ ዘንድ እንደሚወሱ ጽፈዋል፤ ሐሳቡን በምን እንደገለጸው ግን ደብዳቤው አይናገርም። እህቱ ማያ በኅዳር 1881 ስትወለድ ደግሞ፣ መጫወቻ መጣልህ ተብሎ ኖሮ፣ መንኮራኩሮቹ ታዲያ የት አሉ ብሎ ጠየቀ ይባላል። ወሬው የተገኘው ማያ ራሷ በ1924 ከጻፈችው ማስታወሻ ነው። እውነት ከሆነ፣ በሁለት ዓመት ከስምንት ወሩ ሙሉ ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ በዛሬው መለኪያ ዘገየ ለመባል የሚበቃ አይመስልም፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው እንዴት እንደነበር ግን የተጻፈ ነገር የለም። ያው ማስታወሻ ልጁ የተናገረውን ሁሉ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ለራሱ በሹክሹክታ ይደግም እንደነበርም ያወሳል። ምናልባት ወላጆቹን ያሰጋቸው ዝምታው ሳይሆን ይኸው ልማዱ ይሆናል።

ኢኮኖሚስቱ ቶማስ ሶዌል በ2001 «የአንስታይን ሲንድረም» ብለው መጽሐፍ ካሳተሙ ወዲህ፣ ዘግይተው የሚናገሩና በሒሳብና በሙዚቃ የሚያበሩ ልጆች ራሳቸውን የቻሉ ቡድን ናቸው የሚለው አስተያየት ተስፋፍቷል። ሶዌል መረጃ የሰበሰቡት በፈቃዳቸው ከጻፉላቸው ወላጆች ነው፤ ልጁ በኋላ ያልሆነለት ወላጅ እንዲህ ላለ መጽሐፍ ደብዳቤ ለመጻፍ እጁ አይፈታም። «የአንስታይን ሲንድረም» የሚለው ስምም በሕክምና መዝገብ የለም። ለጸሐፊው ግን አንድ ፍትሕ ይገባቸዋል፦ የዘገየ ልጅ ሁሉ አእምሮው ደካማ ነው ተብሎ በጅምላ እንዳይፈረጅ መከላከላቸው ተገቢ ነበር።

ቀድሞ መርዳት

በተግባር የሚሰጠው እርዳታ ስሙን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። ሕፃኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ቃል የሚደጋግምበት ትምህርት ሳይሆን፣ በአብዛኛው የስፒች ቴራፒ ባለሙያው የሚያሠለጥነው ወላጅን ነው። መነሻው ልጁ ዓይኑን የጣለበት ነገር ነው። ልጁ ወደ ብርጭቆ እየጠቆመ «ው» ካለ፣ እናት ገና ሳይጨርስ ከመስጠት ይልቅ ፊቱ ድረስ ዝቅ ብላ ትንሽ ትታገሠዋለች፤ ከዚያ «ውሃ! ቀዝቃዛ ውሃ። ውሃ ልጠጣ» ብላ የእሱን አንድ ድምፅ በአንድ ደረጃ አሳድጋ ትመልስለታለች። «እስቲ ውሃ በል!» እያሉ ማስጨነቅ አይመከርም። በካናዳ በ1970ዎቹ የተጀመረው የሃነን ፕሮግራም የተገነባው በዚህ ዓይነት ልውውጥ ላይ ነው። ከአንጎል ጥናት በኩልም የሚደግፈው አለ፤ በ2018 ሬቸል ሮሜዮና የኤምአይቲ ባልደረቦቻቸው ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የሆናቸውን 36 ልጆች ሲያጠኑ፣ ከብሮካ ሥፍራ እንቅስቃሴ ጋር የተዛመደው ልጁ የሰማው የቃላት ብዛት ሳይሆን ከአዋቂ ጋር ያደረገው የመልስ ምልልስ ብዛት ሆኖ ተገኝቷል። ፓትሪሺያ ኩልም በ2003 ተመሳሳይ ነገር አሳይተዋል፦ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት የቻይንኛ ድምፆችን 12 ጊዜ ብቻ አብሯቸው ከተጫወተ ሰው ሲማሩ፣ ያንኑ ሰው በቴሌቪዥን ያዩት አልተማሩም።

ጠንካራው ተቃውሞ የሚመጣው ከሙከራዎቹ ነው። ሜሊሳ ዌክና ባልደረቦቻቸው በሜልበርን ንግግራቸው የዘገየ 301 ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ የአንዱን ወገን ወላጆች በየሳምንቱ ለስድስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ሁለት ሰዓት አሠለጠኑ። በ2011 የታተመው ውጤት እንደሚለው ልጆቹ ሁለትና ሦስት ዓመት ሲሞላቸው በቡድኖቹ መካከል የቋንቋ ልዩነት አልታየም። ሜጋን ሮበርትስና አን ካይዘር በ2015 ያሳተሙት የተጠናከረ ሙከራ፣ 97 ሕፃናትን ይዞ፣ የልጆቹ የመረዳት ችሎታ እንደተሻሻለ፣ ንግግራቸው ግን በጥቅሉ ከሌላው ወገን እንዳልበለጠ ዘግቧል። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ጠብቁት የሚሉት ልክ ነበሩ» ማለት ይቻላል? አይመስልም። በሜልበርን የተሠለጠኑት ወላጆች ልጆቻቸው በብዛት ያለ ማንም እርዳታ የሚደርሱ ነበሩና፣ ልዩነት የሚታይበት ቦታ ጠባብ ነበር። የሁለተኛው ሙከራ ውጤትም ባዶ አይደለም፤ ከንግግር ይልቅ መረዳት ነው ስለ ኋላው ዕጣ ብዙ የሚናገረው። ዶና ታል በ1991 ዘግይተው የሚናገሩ 10 ልጆችን ለአንድ ዓመት ተከታትለው፣ ሳይደርሱ የቀሩት አራቱ ገና ከመጀመሪያው በመረዳትም፣ በእጅ ምልክትም ደካማ እንደነበሩ አይተዋል። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ዛሬ ባለሙያዎች የሚመሩበት ልዩነት ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ የሚጠቁም፣ በእጁ የሚያስረዳ፣ «ጫማህን አምጣ» ሲባል የሚያመጣ ልጅ ዝምታው ብዙም አያሰጋም፤ የማይጠቁምና ስሙ ሲጠራ የማይዞር ግን አንድ ቀንም ሳይጠበቅ ጆሮውም፣ ጠቅላላ ዕድገቱም ይመርመር።

ሌላው ተቃውሞ ስለ ወላጅ ጭንቀት ነው፤ አብዛኞቹ ለሚደርሱት ልጆች ብሎ ቤተሰብን ማስደንገጥ፣ ልጅንም ከመነሻው ስም ማውጣት ጉዳት አለው ይባላል። ተቃውሞው የሚያሸንፈው እርዳታ ማለት በሳምንት ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ውድ ሕክምና ብቻ ከሆነ ነው። የመስማት ምርመራና አጭር የወላጅ ሥልጠና ልጁ በራሱ የሚደርስ ሆኖ ቢገኝ የሚያከስሩት ነገር ትንሽ ነው። የማይደርስ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ከባዱ ሕክምና ዜሮ ላይ አይጀምርም። ደረሱ የተባሉትም ቢሆኑ ፍጹም እኩል አልሆኑም። ሬስኮርላ 26 ዘግይተው የተናገሩ ልጆችን እስከ 17 ዓመታቸው ተከታትለው በ2009 እንዳሳተሙት፣ ውጤታቸው በመደበኛው ክልል ውስጥ ቢሆንም በቃላት፣ በሰዋስውና የሰሙትን በማስታወስ አቻ ከሆኑ ቤተሰቦች ከመጡ ልጆች ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።

ልየታ

የአሜሪካ የበሽታ መከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይል በ2015ም ሆነ በ2024፣ ምልክት ያልታየባቸውን ሕፃናት ሁሉ ለንግግር መዘግየት መለየት ይጠቅማል ወይም ይጎዳል ለማለት ማስረጃው አይበቃም ብሏል። የአገሪቱ የበሽታ መከላከያ ማዕከል በ2022 የዕድገት መለኪያዎቹን ሲከልስ፣ 75 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑ ልጆች የሚደርሱበትን ዕድሜ ወስዶ 50 ቃላትን በ30 ወር ላይ አስቀምጧል፤ የንግግር ባለሙያዎች ይህን ተችተዋል።

በአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች

በአዲስ አበባ በሰነድ የሚታወቀው አገልግሎት በአብዛኛው የተስፋፋው በኦቲዝም ዙሪያ ነው፤ ዘሚ የኑስ በ2002 የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ቀዳሚው ተደርጎ ይጠቀሳል። በውጭ አገር ባሉ ቤተሰቦች ዘንድ የሚነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ልጁን ያዘገየው ሁለት ቋንቋ መስማቱ ነው ተብሎ አማርኛውን እንዲተዉ የሚመከሩ አሉ። ምክሩ ማስረጃ የለውም። ባርባራ ፒርሰን በ1993 ማያሚ ውስጥ ስፓኒሽና እንግሊዝኛ የሚሰሙ 25 ሕፃናትን ሲያጠኑ፣ የሁለቱ ቋንቋ ቃላት አብረው ሲቆጠሩ ልጆቹ አንድ ቋንቋ ከሚሰሙት አላነሱም። በአማርኛ 20፣ በእንግሊዝኛ 35 ቃል ያለው የሁለት ዓመት ልጅ ለየብቻ ሲቆጠር በሁለቱም የዘገየ ይመስላል፤ ሲደመር ግን 55 አለው። ላም ሲያይ ሁልጊዜ «እምቧ» የሚል ከሆነ ያም እንደ ቃል ይያዝለታል።

«ሁለት ቃል አጋጥሞ» የሚለው መለኪያ ደግሞ ለእንግሊዝኛ የተሰፋ ስለሆነ እንዳለ ቢገለበጥ አማርኛ ላይ አይልክም። «ስጪኝ» አንድ ቃል ነው፤ በውስጡ ግን ድርጊቱ፣ ሰጪዋና ተቀባዩ አሉ፤ እንግሊዝኛ ይህንኑ ለማለት ቢያንስ ሁለት ቃል ይፈልጋል። ታዲያ «ስጪኝ» ያለ ልጅ ደረጃውን አልፏል ይባል? ሳይፈታ በቃል የተያዘ ሙሉ ድምፅ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው መቁጠርም አያስተማምንም። መለያው ቅርብ ነው፦ እናቱን «ስጪኝ» ያለው ልጅ ዞሮ አባቱን «ስጠኝ» ካለ ቃሉን ከፍቶ ውስጡን አይቶታል፤ አባቱንም «ስጪኝ» ካለው ገና ነው።